የታመመው ሰው ፋይል

ሰኞ፣ ማርች 4

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሱቁን ከፈትኩ እንጂ ሰው የለም። አንድ ተማሪ ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሄደ፣ ያ ነው።

ከሰዓት ዩኑስ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ከዚያ ሲወጣ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ነው። የመዘምራኑን ስም ዝርዝር ሊያሳትም ነው የመጣው። እዚሁ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ቆይቶ ድንገት ሳቁን ለቀቀው።

"ማማ ሚንቼ፣ ነይ እዪማ! የሰውዬሽን ስም በቀይ አሰመረበት!"

ሄጄ አየሁ። እውነትም። ኦትኒኤል ታንዲሎሎ... ከሥሩ ቀይ መስመር። ኮምፒውተሩ አላውቀውም ይላል።

"የኔን ስም ያውቃል፣ ያንቺን ያውቃል፣ የጎሻችሁን የፑዱን ስም እንኳ ያውቃል። የሠራውን ሰው አያውቅም! እንዲህ ያለ ውለታ ቢስ ማሽን አላየሁም" አለ።

ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። የቶራጃን ቃላት ስንት ዓመት ለቅሞ፣ በቋንቋችን ስንጽፍ ኮምፒውተሩ ስህተታችንን እንዲያሳየን ያደረገው ባሌ ነው፣ ፓፓ ሚንቼ፣ የልጃችን የሚንቼ አባት። የሰፈሩን ሰው ስም ሁሉ ከቃላቱ ጋር አስገባው። "ሰው የገዛ ስሙን ጽፎ ቀይ ሲሰመርበት ይከፋዋል" ይል ነበር። ታዲያ የራሱን እንዴት ረሳ? ወይስ አፈረ? አፍሮ ነው የሚሆነው። ፎቶ ሲነሳ እንኳ ከሰው ጀርባ ነበር የሚቆመው።

እራት ሩዝና ዓሣ ይዤለት ወደ ጓዳው ገባሁ። "ዩኑስ ሳቀብህ" አልኩት። የቅርንፉድ ሲጋራውን ለኩሼ አጠገቡ አስቀመጥኩ።


ቅዳሜ፣ ማርች 9

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ ቆሙ። ዩኑስ ላብ በላብ ሆኖ መጣና እየጎተተ ወሰደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ናንግካ ነው። ፓፓ ሚንቼ ራሱ የጫነው ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ከየደሴቱ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች በነጻ የሚሠሩት። ትናንት አዲሱ ማሻሻያ ወረደ። ከማሻሻያው ጋር "ሱላዌሲ-ቃላት" የሚባል አዲስ ጥቅል፣ አብረው የሚጫኑ ፋይሎች ስብስብ፣ መጣ። የፓፓ ሚንቼ ጥቅል ደግሞ "ቶራጃ-ቃላት" ነው። ሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ፋይል አለ፣ ስሙም አንድ፣ የሚቀመጥበት ቦታም አንድ። ማሽኑ "ልጽፈው ያልኩት ፋይል የሌላ ጥቅል ነው" አለና መሃል ላይ ቆመ። ወደፊትም አይሄድ፣ ወደኋላም አይመለስ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አልጭንም አለ።

ጃካርታ ያለ ሰው ይሄ አይገጥመውም። ቶራጃ-ቃላትን ማን ጫነውና? የቆመው እኛ ጋ ብቻ ነው።

"አስተካክይዋ!" አለኝ ዩኑስ። "ከሰውዬሽ ጎን ስትቀመጪ የኖርሽው ለጌጥ ነው?"

"ለጌጥማ አይደለም፣ ለወሬ ነው" አልኩት።

ግን አልሳቀም። የዘጠነኞች ፈተና ሜይ ላይ ነው፣ በኮምፒውተር። የፈተናው ፕሮግራም ደግሞ ገና አልተጫነም።

ፓፓ ሚንቼ እንዳስተማረኝ፣ ፋይል የአንድ ጥቅል ብቻ ነው። ሁለት ጥቅሎች የኔ ነው ካሉ፣ አንዱ በፈቃዱ መልቀቅ አለበት። ማነው የሚለቀው?


ማክሰኞ፣ ማርች 12

ደብዳቤ መጣ፣ በእሱ ኢሜይል። የይለፍ ቃሉን ድሮ ሰጥቶኛል።

ቤሴ የምትባል ልጅ ናት፣ ከማካሳር። ሱላዌሲ-ቃላትን የምትይዘው እሷ ናት። አጻጻፏ ሥርዓት ያለው። የደሴታችንን ቋንቋዎች ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቤ ነበር፣ የእርስዎ ፋይል እዚያ መኖሩን ሳላይ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ትላለች። ፋይሉን ቢለቁልን የእርስዎንና የእኛን ቃላት አዋህደን አንድ እናደርገዋለን። ብቻ የሰዎቹን ስሞች ማስቀረት ግድ ነው፣ በደንባችን መዝገበ ቃላት የግል ሰዎችን ስም አይይዝም። ባለቤቱ እሺ ሳይል ግን ምንም አንነካም...

ስሞቹን ማስቀረት? እነዚያን ሁሉ ሰዎች? በየቤቱ እየዞረ "ስምህ እንዴት ነው የሚጻፈው" እያለ የሰበሰባቸውን?

ምን ብዬ ልመልስ። እሱ እንደሁ መመለስ አይችልም። ትንፋሹ የቆመው ባለፈው ኦክቶበር ነው። ግን እኛ ጋ ድግሱ ሳይደገስ፣ ጎሹ ሳይታረድ፣ ዘመድ ከያለበት ሳይሰበሰብ ማን ሞተ ይላል? ታሟል ነው የሚባለው። ጓዳው ውስጥ በመድኃኒት ደርቆ፣ ጥሩ ልብሱን ለብሶ ተኝቷል። ጠዋት ደህና አደርክ እለዋለሁ። ለማካሳር ልጅ ይሄን እንዴት አድርጌ ልጽፍላት?

ሌላም ነገር አውቃለሁ። በናንግካ ደንብ ባለቤቱ የሞተበት ጥቅል ወላጅ አልባ ይባላል። ቀድሞ የጠየቀ ይወስደዋል። እሱም አንድ ጊዜ እንዲህ የቀረ ጥቅል ወስዶ አሳድጓል። ሞቷል ካልኩ፣ በማግስቱ ሁሉም ነገር ከእጄ ወጣ።

"ፓፓ ሚንቼ ታሟል። አሁን መመለስ አይችልም። ደማሪስ፣ ሚስቱ" ብዬ ላክሁ።

ምን ውሸት አለው?


ረቡዕ፣ ማርች 20

ውይ... ምን ውስጥ ነው የገባሁት።

የናንግካ ሰዎች ለመዳኑ ሊጸልዩ ተነሱ። ስለ ችግሩ በሚወያዩበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ "ባለቤቱ ታመዋል፣ እስኪሻላቸው ይጠበቅ" ተብሎ ተጻፈ። ከሥሩ ይማርልን፣ ይማርልን። አንዱ ከኩፓንግ፣ አንዷ ከሱራባያ። ከሜዳን አንድ ሽማግሌ ለሕመም የሚሆን የቅጠል ስም ሳይቀር ጽፈውልኛል።

አንድ በአንድ አነበብኩለት። በሕይወቱ ይሄን ያህል ሰው እንደሚወደው ያውቅ ነበር? እኔስ አውቅ ነበር?

ለመሆኑ እስከ መቼ ነው የሚጠብቁት?


እሁድ፣ ማርች 24

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእሱ ታላቅ ወንድም ፓፓ ቶዲንግ መጣ። መጀመሪያ ጓዳ ገብቶ ወንድሙን ሰላም አለ፣ አመዱን ከሲጋራው ላይ አራገፈለት። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ ተቀመጠ።

"ሚንቼ ደውላልኛለች። ጁላይ ላይ ከቲሚካ ሥራዋ ፈቃድ ታገኛለች። የፓፑዋ ዘመዶችም አብረዋት ይመጣሉ።"

"ለድግሱ ጁላይ ይቸኩላል" አልኩ። "ቀርከሃው አልተቆረጠ፣ የእንግዳው ዳስ አልተሠራ..."

"ቀርከሃውን እኔ እቆርጣለሁ። አንቺ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘሽ።"

"ምን ያዘኝ?"

"እኔን ነው የምትጠይቂው? ሰውዬው ደክሞታል፣ ማማ ሚንቼ። መንገድ አለበት። አንቺ ካልለቀቅሽው እንዴት ይሂድ?"

ፓፒዮንግ አቀረብኩለት፣ በቀርከሃ ውስጥ የሚበስለውን ሥጋ፣ ዛሬ ትንሽ አርሮብኛል። "አርሯል" አለ፤ አሟጦ በላው።

ሁሉም ልቀቂ ይለኛል። የማካሳሯም፣ ይሄም።


ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2

ዩኑስ ጉድ ሠራ። የአጎቱ ልጅ በስልክ "በግድ አስገባ የሚል ትእዛዝ አለ" ብሎት፣ በግድ አስገባው። "ገባ! ያለ አንቺም ገባ!" ብሎ ስልክ ደወለልኝ ቀን ላይ።

ማታ ግን ፊቱ ወድቆ መጣ። ገብቶስ ነበር። አዲሱ ፋይል የፓፓ ሚንቼን ፋይል ደፍጥጦ ቦታውን ያዘ። የተማሪዎቹ ስም ሁሉ ቀይ ሆነ። ዩኑስ ተናደደና አዲሱን ጥቅል መልሶ አወጣው፣ የድሮው ይመለሳል ብሎ። ምን ይመለሳል! ሲወጣ ፋይሉን ይዞት ወጣ። ቶራጃ-ቃላት አሁንም አለሁ ይላል፣ ሆዱ ውስጥ ግን ምንም የለም።

ሄጄ አየሁ። አንዷ ልጅ ስለ አያቷ ቤት ድርሰት ጽፋ ነበር። ከላይ እስከ ታች ቀይ። አንድም ቃል አልቀረም። የገዛ ቋንቋዋን አንዲት ቃል አያውቅላትም።

"ያንተ ጥፋት ነው" አልኩት ዩኑስን። ጮህኩበት እንኳ።

"እሺ የኔ ነው" አለኝ። "ግን አንቺም አልሰጥም ብለሽ ይዘሻል፣ ሴትዮዋም እየጠበቀች ነው። በዚህ መሃል የተጎዳው ማነው?"

ቤት ስገባ ለፓፓ ሚንቼ ወዲያው አልነገርኩትም። እራት አስቀምጬለት ወጣሁ፣ አልተቀመጥኩም።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11

ዛሬ ነገርኩት። የልጅቷን ድርሰት ነገርኩት። እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?

ቤሴ ለኢድ ጽፋለች። አክስቷ ከተራራችን በታች ፓሎፖ ከተማ ናቸው፣ ልጠይቃቸው ስመጣ ጎራ ብዬ ኦትኒኤልን ልጠይቃቸው፣ ታማሚ መጠየቅ ግዴታ ነው ትላለች። ስለ ፋይሉ አንድ ቃል የለም።

በእኛ ቤት ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሰው አይከለከልም። "ነይ" ብዬ መለስኩ።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20

ቤሴ መጣች።

ካሰብኩት በላይ ልጅ ናት። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ አረንጓዴ ሻርፕ። የተራራው መንገድ አስመልሷት ፊቷ ቅጠል መስሏል። በአንድ እጇ የብርቱካን ከረጢት፣ በሌላው የኢድ ብስኩት በቆርቆሮ፣ በብብቷ ደግሞ የማር ጠርሙስ። "እናቴ ናት፣ ለታመመ ሰው ይሆናል ብላ" አለችኝ።

"ታንቴ፣ እሳቸው ዛሬ እንዴት ናቸው?" አለች፣ እንደ አክስት ጠርታኝ።

"ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ..."

"መጀመሪያ ታማሚ ነው የሚጠየቀው።"

ምን ላድርግ? ወሰድኳት። ጓዳው በር ላይ ስንደርስ እጇን ያዝኩ።

"ቤሴ። እኛ ጋ ድግሱ እስኪደርስ ድረስ ታሟል ነው የምንለው። ትንፋሽ የለውም። ከኦክቶበር ጀምሮ።"

አየችኝ። በሩን አየች። ማሩ ከብብቷ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። ትሮጣለች ብዬ ነበር። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ በስህተት በሩን ከፍቶ፣ ጫማውን ጥሎ ነው የሮጠው።

እሷ አልሮጠችም። በዝግታ የራሷን ጸሎት አለች። ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ፣

"ይሰማሉ?"

"ይሰማል እንላለን።"

"እንግዲያው ሰላም ልበላቸው።"

ጫማዋን አውልቃ ገባች። ከግርጌው ምንጣፉ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ብርቱካኑን ከሲጋራው አጠገብ አኖረች።

"ፓፓ ሚንቼ፣ ቤሴ ነኝ፣ ከማካሳር። ያቺ ፋይልዎ ላይ የወጣችብዎት። ቦታው ባዶ መስሎኝ ነው። ሳላንኳኳ እንደመግባት ነው ያደረግሁት፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ቃላቱን ይስጡኝ? አንዷንም አልጥልም። ስሞቹን ግን ደንቡ አይፈቅድልኝም። እሱን ሳልደብቅ ነው የምነግርዎ።"

ዝም አለ። ጠበቅን። የጎረቤት ዶሮ ጮኸ። ቤሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

"ምን አሉ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሲናደድም ዝም ነው፣ ሲስማማም ዝም ነው። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ መለየት ያቃተኝን ዝምታ አንቺ ዛሬ መጥተሽ..."

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፣ እዚያው ፊቱ። ካለፈው ኦክቶበር ወዲህ አላለቀስኩም ነበር። ለታመመ ሰው አይለቀስማ። ቤሴ ጀርባዬን ስታሻሽልኝ ቆየች።

የልጅቷ ድርሰት ትዝ አለኝ። ከላይ እስከ ታች ቀይ።

"ቃላቱን ውሰጂ" አልኳት። "ስሞቹን ግን አልሰጥሽም።"

"ታንቴ፣ እኔ እኮ እንዲህ የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት። አዎ በሉኝ፣ አይ በሉኝ፣ ከዚያ መንገድ ይገኛል።"


እሁድ፣ ኤፕሪል 21

ቤሴ እዚሁ አደረች። ስትነሳ "ደህና አደሩ ፓፓ ሚንቼ" አለችው በበሩ በኩል። ማንም አላዘዛትም።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር። መንገዱን አግኝታለች። ስትነግረኝ ምነው እኔ ሳላስበው ቀረሁ አልኩ።

ፓፓ ሚንቼ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ የተወውን ፋይል ለሁለት ከፈልነው። ቃላቱ ለብቻ፣ ስሞቹ ለብቻ። ቃላቱ ወደ ሱላዌሲ-ቃላት ይሄዳሉ። ስሞቹ አዲስ መጠሪያ ባለው ፋይል ቶራጃ-ቃላት ውስጥ ይቀራሉ። የመዝገበ ቃላቱን ደንብ አይነኩም፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሉማ። ሁለቱ ፋይሎች ስማቸው ስለማይገናኝ አይጋጩም። ቶራጃ-ቃላትን የጫነ ሰው ሱላዌሲ-ቃላት አብሮት እንዲመጣለትም ታዟል። ከእንግዲህ አንዱ ሌላውን ይጠራዋል።

ቅደም ተከተሉ ግን ከባድ ነው። አሮጌው ጥቅል ሳይለቅ አዲሱ ከያዘ እንደገና ግጭት ነው። ስለዚህ ሱላዌሲ-ቃላት ላይ "ከአሮጌው ቶራጃ-ቃላት ይህን ፋይል እረከባለሁ፣ ከታደሰው ቶራጃ-ቃላት ጋር ግን በሰላም እኖራለሁ" የሚል ነገር ተጻፈበት። ማሽኑ በመጀመሪያ አሮጌው እንዲለቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው የሚያስገባው። በግድ የለም። ዩኑስ ቢሰማ ጥሩ ነበር።

ቃላቱን ስናስተያይ ቤሴ ዓይኗ ፈጠጠ። የለቅሶ ዜማ ቃላት፣ የድሮ ሽማግሌዎች የሚሉት። የእሷ ፋይል ውስጥ አንዱም የለም። "ይሄን ከየት አመጡት?" አለች። በየለቅሶው እየሄደ፣ ጥግ ይዞ። እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ "የት ነበርክ" እያልኩ ስጨቃጨቅ...

ከምሳ በኋላ መጠየቅ የፈራሁትን እሷ ጠየቀችኝ።

"ታንቴ፣ ሰዎቹ አሁንም እየጸለዩ ነው። የሜዳኑ ሽማግሌ በየሳምንቱ ነው የሚጠይቁኝ። ምን ልበላቸው?"

"እስከ ጁላይ ታሟል በያቸው።"

"ውሸት አይሆንብኝም?"

"በኔ ቤት ውሸት አይደለም። በአንቺ ቤት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ብዙ አሰበች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

"'ባለቤቱ ፈቅደዋል፣ በሚስታቸው በኩል' ብዬ እጽፋለሁ። ይሄ በሁለታችንም ቤት እውነት ነው።"

አውቶቡስ ላይ ስትወጣ በቀርከሃ ያለውን ፓፒዮንግ ቋጠርኩላት። ዶሮ ነው፣ ዩኑስ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋ ወስዶ ያሳረደልኝ። መንገድ ላይ ብበላው እንደገና እመልሰዋለሁ ብላ ፈራች። ወሰደችው ግን።


ሰኞ፣ ሜይ 6

አለፈ! ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ማሽን ጀምረን ማሻሻያውን ለቀቅነው። ያኔ የቆመበት ቦታ ሲደርስ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። "ቶራጃ-ቃላት ወደ አዲሱ ተቀይሯል" አለ። "ሱላዌሲ-ቃላት ገብቷል" አለ። ቀጠለ። ዝም ብሎ ቀጠለ።

የልጅቷን ድርሰት ከፈትን። ቀዩ ሄዷል። አንዲት ቃል ብቻ ቀረች። እሷ እውነተኛ ስህተት ናት፣ ዩኑስ አረመላት። ተማሪዎቹ ስማቸውን እየጻፉ ያያሉ፣ "እኔን ያውቀኛል!" "እኔንም!"

ዩኑስ በጆሮዬ "ማማ ሚንቼ፣ ለጌጥ አልነበረም" አለኝ።

የፈተናው ፕሮግራምም ተጫነ።

ቤት ገብቼ የፓፓ ሚንቼን ስም ጻፍኩ። አሁንም ቀይ። ልጨምረው? እጄ ሄደና ተመለሰ። የስሞቹ ባለቤት እሱ ነው። ራሱን አላስገባም ካለ እኔ ምን አገባኝ። ተኝቶ ሳለ ኪሱ ውስጥ እንደመግባት ሆነብኝ።

ለፓፓ ቶዲንግ ግን ደወልኩለት። "ጁላይ ይሁን" አልኩት።

ዝም አለ፣ ልክ እንደ ወንድሙ። ከዚያ "ቀርከሃውን ነገ እቆርጣለሁ" አለ።


ቅዳሜ፣ ጁን 22

ዳሱ እየተሠራ ነው። መዶሻ፣ መዶሻ። ሱቁን በግማሽ ዘጋሁት። ፑዱን ሄጄ አሻሸሁት፣ ጆሮውን። እሱም ይሄዳል ከባለቤቱ ጋር።


ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ሚንቼ ትናንት ደረሰች። ቀጥታ ወደ ጓዳው። "አባዬ፣ መጣሁ" አለችው። በሩን ዘጋሁላቸው።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጥተው አዞሩት። ዘጠኝ ወር ሙሉ በአንድ በኩል ነበር ራሱ። አሁን በሌላው ሆነ። ከዚህ በኋላ ታማሚ አይባልም። ፓፓ ቶዲንግ ከበሩ ወጥቶ ጮክ ብሎ ተናገረው። ቃሉን በጆሮዬ ሰማሁት።

እኔም አልኩት። አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብዬ። ሞቷል።

አልወደቅሁም።


አርብ፣ ጁላይ 12

እንግዳ፣ እንግዳ፣ እንግዳ። ወንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው የለቅሶውን ዜማ ሲሉ ዋሉ። እያንዳንዷን ቃል አውቃታለሁ። ስናስተያይ አይቻታለሁ፣ አንድ በአንድ።

በረድፉ መሃል አረንጓዴ ሻርፕ አየሁ። ቤሴ ናት፣ እናቷን ይዛ። አጠገቧ አንድ ነጭ ጸጉር ሽማግሌ፣ የማላውቃቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

"ከሜዳን ነው የመጣሁት" አሉኝ። "ቅጠሉን የጻፍኩልሽ።"

"ውይ አባቴ... ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እኮ..."

"ቤሴ አስረዳችኝ። ጸሎቴ አልባከነም፣ ያንቺን ቤት ሰው ነው የጠበቀው።"

ዳሱ ውስጥ ከዘመድ ጋር አስቀመጥኳቸው።


ቅዳሜ፣ ጁላይ 20

ገደሉ ውስጥ ካለው የአባቶቹ መቃብር ካስገባነው ቆየ። እንግዶቹ ሄዱ። ሚንቼ ነገ ትመለሳለች፣ አሁን ተኝታለች። ጠዋት ሩዙን ሳጥብ ለእሱም ጨምሬ ኖሯል... ትርፉን መልሼ አወጣሁት። ጓዳውን ጠረግሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩት። ምንጣፉ ላይ ከሲጋራው የወደቀ አመድ ነበር። እሱን አልጠረግሁትም። ነገ።

ከሰዓት ዩኑስ የምስጋና ደብዳቤውን ሊያሳትም መጣ፣ በቤተሰቡ ስም ለመጡት ሁሉ። ጻፈ። ቆመ። ዛሬ አልሳቀም። ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። ኦትኒኤል ታንዲሎሎ፣ ከሥሩ ቀይ።

"በምን ዓይናችን ይሄን ለሰው እናድላለን" አለ። "ሲታተም እንኳ አይታይም፣ ግን እኔ አየሁት።"

"ትንሽ ጠብቀኝ" አልኩት።

ለናንግካ ሰዎች ጻፍኩ። ፓፓ ሚንቼ አርፏል፣ ስለ ጸሎታችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ቶራጃ-ቃላትን ከእንግዲህ እኔ እይዘዋለሁ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው የጨረስኩት፣ ሳጠፋ ንገሩኝ። ቤሴ ወዲያው መለሰች። "ወላጅ አልባ ሳይሆን ቀረ ታንቴ" ብላ።

ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ ደማሪስ ብዬ ጻፍኩ። የእሱ ስም አልጠፋም። ከሥር ባለው የለውጥ ታሪክ ውስጥ ከየቀኑ ጋር እንዳለ አለ፣ እሱን ማንም አይነካም።

ከዚያ የስሞቹን ፋይል ከፈትኩ። በፊደል ተራ ነው የደረደራቸው። ቦታውን አገኘሁት፣ በሁለት ጎረቤቶቹ መሃል። ሰው አስጠግቼ ያስቀመጥኩት መሰለኝ። ዩኑስ ከኋላዬ ቆሞ ፊደል በፊደል ይከተላል፣ እንዳልሳሳት።

አዲሱን ጫንን። ደብዳቤውን እንደገና ከፈተው። ከስሙ ሥር ቀይ የለም። አፍንጫውን ጠረገ። ማተሚያው መሥራት ጀመረ።

አዲስ ነገር ሲላክ ምን እንደተቀየረ በአንድ መስመር ግለጹ ይላል ደንቡ። ብዙ አሰብኩ፣ ብዙ ጽፌ አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ፣

"አንድ ስም ተጨምሯል" ብዬ ላክሁት።